የፕሬበን ሕዝብ

ፕሬበን ትሑት ሰው ነው። ይህንንም ለማንም ሳይሰለች ይናገራል።

ኦደንሴ ከተማ በሚገኘው የሮቦት አፍቃሪዎች ማኅበር ምድር ቤት ተቀምጦ፣ መጫወቻ ሮቦቶች ላይ ፈርምዌር የሚጭን ፕሮግራም ጽፏል። ፈርምዌር ማለት ያው ግዑዙ ብረት ቀኝና ግራውን እንዲለይ ቺፑ ላይ የሚቀመጥለት ትእዛዝ ነው። መጫኛው በነጻ ይወርዳል፤ ኮዱም ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ፕሬበን ለዚህ ሁሉ ድካሙ ምንም አልጠየቀም። ድረ ገጹ ላይ አንዲት ቆጣሪ ብቻ አስቀመጠ፤ መጫኛው በወረደ ቁጥር የምትቆጥር።

ቆጣሪዋ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አንገቷን ደፍታ አሳለፈች። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን ሰኞ የለ እሑድ የለ ሽቅብ ሆነ ጉዞዋ። በገና ዋዜማ፣ ዴንማርክ በሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ዛፍ እየዞረ ሲዘፍን፣ ፕሬበን ስልኩን ሰረቅ አድርጎ አየ። ትቆጥራለች።

«ምስኪኖች!» አለ፤ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። «ዛሬ እንኳ አልተዉኝም።»

ከነዚህ ምስኪኖች አንድም ሰው ጽፎለት አያውቅም። ምስጋና የለ፣ ቅሬታ የለ። ፕሬበን ይህን የሥራው ጥራት ምስክር አድርጎ ወሰደው። እንከን የሌለው ነገር ምን ያነጋግራል?

ችግሩ የመጣው ሚስቱ ቪቤከ ቦርንሆልም ደሴት ላይ የርዕሰ መምህርነት ሥራ ስታገኝ ነው። ቤት ተከራይታለች። ከመስኮቱ ባሕር ይታያል። የቀረው የፕሬበን እሺታ ብቻ ነበር።

«እዚያም ኢንተርኔት አለ እኮ» አለችው፣ ጥቁር ዳቦዋ ላይ የተፈጨ ጉበት እየቀባች።

«ሮቦቶቹ ያሉት ማኅበሩ ጋ ነው። እኔ እዚህ ከሌለሁ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ለማን ልተወው?»

«የትኛውን ሕዝብ?»

«ተጠቃሚዎቼን።»

«እስቲ ከነሱ አንዱን በስሙ ጥራልኝ። አንድ ብቻ።»

«የኛ ሰዎች ስማቸውን አይናገሩም። ነጻነት ማለት እኮ እሱ ነው፣ ቪቤከ።»

ቪቤከ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ቅዳሜ የጭነት መኪናው ይመጣል። እኔ ከዕቃው ጋር እሄዳለሁ። አንተ እስከዚያ ከሕዝብህ ጋር ተማከር።»

ፕሬበን መሄዱን አልጠላውም ነበር። ቪቤከን ይወዳታል፤ ያለ እሷ ካልሲው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ዳሩ ግን አስገርን ከኋላው ትቶ እንዴት ይሂድ?

አስገር የማኅበሩ አዲስ አባል ነው። የሚሠራው አንድ የመጫወቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ይህ በራሱ ያጠራጥራል። ገና እንደገባ ከቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶ መደርደሪያው ላይ ሰካ። ኮምፒውተሩም መጫኛውን ለእያንዳንዱ ሮቦት ከድረ ገጹ እንደ አዲስ እያወረደ፣ ያለ ሰው እጅ ቀን ከሌት ይፈትናል። አስገር ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አመስግኑኝ አላለም። ፕሬበን እንዲህ ያለውን ሰው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ምስጋና የማይፈልግ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ።

ደግሞስ አስገር የገባው መቼ ነው? መጫኛው ስም ባወጣበት በዚያው በጥቅምት። ፕሬበን ሁለቱን አገናኘና ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ፋብሪካው ሕዝቡን ፈልጎ ሰው ልኳል።

«አለቆችህ መጫኛዬን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀው።

አስገር ሳቀ። «እኛ የምንሠራው የእንጨት ዳክዬ ነው እኮ፣ ፕሬበን።»

«ለጊዜው!» አለ ፕሬበን።

ዓርብ ማታ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሊቀ መንበሯ ቦዲል እንደ ደንቡ በኬኩ አስጀመረች። ኬኩን የጋገረው አስገር ነበር። ካለቀ በኋላ ፕሬበን ተነሣ።

«ሚስቴ ነገ ትሄዳለች» አለ። «መርከቡ ላይ ከጎኗ ለእኔም ቦታ ነበር። ግን ዓለም ላይ ተበትኖ እኔን የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። እሱን ለዳክዬ ነጋዴ አሳልፌ አልሰጥም። ወይ እኔ፣ ወይ አስገር!»

«ድምፅ እንስጥ» አለች ቦዲል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ቸኩላለች። «አስገር ይውጣ የምትሉ?»

እጆች ወጡ። ክሬም ያልነካው እጅ አልነበረም።

«ይሁን» አለ አስገር። «ኮምፒውተሩን ግን ብተውላችሁ አይሻልም? ሥራ ላይ ነው እኮ…»

«አንዲት ሽቦ እንዳትተው!» ጮኸ ፕሬበን። «አሁኑኑ ንቀል!»

አስገር ነቀለ። ኮምፒውተሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ደህና እደሩ ብሎ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ። ፕሬበን በዚያች ሌሊት የድል እንቅልፍ ተኛ።

ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ሶፋው ወጣ፣ አልጋው ወጣ። ቪቤከ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አሁንም ቦታ አለ፣ ፕሬበን።»

«ሕዝቤ…» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«እንግዲያው ሰላምታዬን አቅርብልኝ» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

መኪናው ከመታጠፊያው ተሰወረ። ፕሬበን ባዶው ሳሎን ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ልቡ በኀዘን ቢመታም ብቻዬን ነኝ አላለም። መጽናኛ ፍለጋ ስልኩን አውጥቶ ቆጣሪዋን ከፈተ። ቆማለች። አጠፋና ደግሞ ከፈታት። ትናንት ጉባኤው እንዳበቃ ቆማ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ እንኳ አልቆጠረችም።

የፕሬበን ሕዝብ በሙሉ፣ በአስገር ብብት ተሸጉጦ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል።