አራት ቀን የተጓዘችው ነጥብ

ነጥቧ ተንቀሳቀሰች…

ልብስ ሰፊዋ እናት እግሯን ከስፌት መኪናው አንስታ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ነጥቧ ስልኩ ካርታ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ቆማ ነበር… የእናት ልብም አብሯት።

«አላልኩሽም እማዬ?» አለች ልጇ። «አረፍ ብሎ ነው። ወንድሜ እንቅልፋም መሆኑን ረሳሽው?»

ወንድሟ ድንኳኑንም ስንቁንም ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ብቻውን ወጥቷል። ሰው በማይኖርበት ኮረብታና ረግረግ፣ የሰባት ቀን መንገድ።

ሲወጣ እንዲህ ብሏት ነበር።

«እማ፣ እዚያ ስልክ አይሠራም። ጂፒኤሷ ግን በሳተላይት ትሠራለች፤ መሪው ላይ አስሬያታለሁ። ስልክሽ ላይ ነጥቧ ከሄደች እኔም እየሄድኩ ነው። ቀን ላይ ግማሽ ቀን ከቆመች ያኔ ሰው ላኪልኝ።»

የጂፒኤሷን ኪስ የሰፋችው እሷ ናት። ውስጡ ላይም የቤታቸውን አድራሻ በአረንጓዴ ክር ጠለፈችበት።

«የአፀደ ሕፃናት ልጅ አስመሰልሽኝ እኮ» ብሎ ሳቀባት።

ነጥቧ ቆማ የተንቀሳቀሰችው ማክሰኞ ነው።

ረቡዕ ረግረጉን ተሻገረች።

ሐሙስ ትልቁን ኮረብታ ወጣች። እናት ስልኳን ለጎረቤት ሁሉ እያዞረች «ጉልበቱን እዩልኝ» አለች። ከዚያም ተንበርክካ አመሰገነች።

ቅዳሜ ነጥቧ ከተማ ገባች… ሰፈራቸውን ያዘች… በራቸው ላይ ቆመች።

እናት አንሶላውን ቀይራ፣ ውሃ አሙቃ እየጠበቀች ነበር። ሮጣ ከፈተች።

የማታውቀው ሰው ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ የራሱን ብስክሌት አጥሩ ላይ አስደግፎ… ፈገግ ብሏል።

«እናቴ፣ ልጅዎ ገባ? ይቺን መንገድ ላይ አገኘኋት። ከፊቴ ነው ብዬ ስከተለው ሰነበትኩ፤ አልደረስኩበትም። አድራሻው ስላለባት ላድርስለት ብዬ ነው።»

«መቼ ነው ያገኘሃት… የኔ ልጅ?»

«ማክሰኞ። ገደሉ አፋፍ ላይ።»

እናት ከእሱ አልፋ ባዶውን መንገድ አየች። የሰውየው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጉም ነበር…» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ ታች አላየሁም።»

ልጁን እሁድ አገኙት። ጂፒኤሷ ከወደቀችበት ሠላሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ… ከነብስክሌቱ፣ እግሩ ተሰብሮ።

ሐኪሙ «እስከ ሐሙስ በሕይወት ነበር» አለ።

ሐሙስ… ተንበርክካ ያመሰገነችበት ቀን።

ነጥቧ እዚያው ብትቀር ኖሮ፣ ያኔውኑ ሰው ትልክ ነበር።

ሰውየው አሁን በየእሁዱ ይመጣል። ደጃፉ ላይ ቆሞ «ይርገሙኝ እናቴ» ይላታል።

አትረግመውም። ይቅር ለማለትም ትጸልያለች፤ ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣ አለ።

አንድ ቀን ብቻ «ክፉ ሰው ብትሆንልኝ ምናለ» አለችው።

ጂፒኤሷን እስከ ዛሬ ቻርጅ ታደርጋታለች። ስልኳ ላይ ነጥቧ ቤት ውስጥ ናት… የልጁ አልጋ አጠገብ።

ወዳጆቼ… የወደቀ ዕቃ ስታገኙ፣ ከማንሳታችሁ በፊት የወደቀ ሰው ፈልጉ። ደግ ልብ ዓይንም ያስፈልገዋል።

እናንተ በእናትየው ቦታ ብትሆኑ… እሁድ ያ ሰው በራችሁን ሲያንኳኳ ምን ትሉት ነበር?