ከአለቱ ወዲያ የሚያንኳኩት

ዲጎሪ ናንካሮው አጭር ሰው ነበር። አጭር ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ አጭር እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቱ ቶማሲን በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው መጀመሪያ ባርኔጣው ይታያታል፣ ቀጥሎ ጢሙ፣ ከዚያ ወዲያው ጫማው። በመካከል ያለው ያን ያህል አይቆጠርም። ግን በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል ምድር እንደሱ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ አለት የሚፈለፍል አልነበረም፤ እውነቱን እንናገር።

ያን ዓመት የቆርቆሮ ማዕድኑ ነጠፈ። ከኮረብታው ማዶ ያለው ጉድጓድም ከነሱ አይሻልም፤ ከሁለቱም ወገን ወንዱ ሚስቱን እየሳመ ወደ አውስትራሊያ ይሳፈራል። የጉድጓዱ አለቃ ዲጎሪን ጠርተው፣ ከያዘው ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ ቆርቆሮ ካላወጣ ቦታውን እንደሚያጣ ነገሩት። ከዚያ በኋላ ያለው መርከብ ነው። ዲጎሪ ደግሞ ቶማሲን ሳትቆጣው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ ባሕር ማዶ ማን ይቆጣዋል?

ታዲያ አንድ ቀን ብቻውን ሲቆፍር፣ ከአለቱ ወዲያ ኳ፣ ኳ ሲል ሰማ።

መምታቱን አቆመ። ድምፁም አረፈ። መታ። ኳ።

እዚያ አገር የተወለደ ሰው ይሄ ማነው ብሎ አይጠይቅም። አንኳኪዎቹ ናቸው። ከመሬት በታች የሚኖሩት፣ ድንክ ድንክ፣ ጢማም ጢማም ሽማግሎች። ቆርቆሮው የት እንዳለ እነሱ ያውቃሉ፤ የወደዱትን ሰው እያንኳኩ ይጠሩታል። ዲጎሪ ባርኔጣውን አወለቀና ቶማሲን ከጋገረችለት ፓስቲ፣ ሥጋ ከተጠቀለለበት ቂጣ፣ ጠርዙን ቆርሶ ድንጋይ ላይ አኖረላቸው። ሳያካፍላቸው የሚበላ ሰው ጣሪያ ይወርድበታል፤ ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ሳቀችበት። ወንድሟ ጃቤዝ ነው አለችው፤ በሰባኪው ባርኔጣ ውስጥ እንቁራሪት ያስገባ ሰው አለት ማንኳኳት ያቅተዋል? ጎረቤቱም ሁሉ ጃቤዝ ነው አለ።

ዲጎሪ ግን፣ «ጃቤዝ እንዲህ ሥርዓት የለውም» አለ። «እኔ ምሳ ስበላ እነሱም ያርፋሉ። አንዱማ ያስለዋል፤ ምስኪን፣ አርጅቷል መሰለኝ።»

«ጉንፋን የያዘው መንፈስ» አለች ቶማሲን። «ነገ ማር ልላክለት?»

ነገሩ ከነከነው። በማግሥቱ ጃቤዝን ክንዱን ይዞ አወረደውና አጠገቡ አቆመው። ጃቤዝ ከመሬት በታች ማፏጨት ነውር መሆኑን እያወቀ ያፏጫል። ዲጎሪ አለቱን መታ።

ኳ፣ አለ ከወዲያ።

የጃቤዝ ከንፈር እንደሾለ ቀረ። «ዲጎሪ የኔ ሸበላ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እስከ ዛሬ ለተናገርኩህ ሁሉ ይቅር በለኝ። አንተ ቆፍር።» ወጥቶም ለመንደሩ አዳረሰው።

ከዚያ ወዲህ የሚስቅ ጠፋ። ቶማሲንም የፓስቲውን ጠርዝ ወፈር እያደረገች ትጋግር ጀመር።

ዲጎሪ ድምፁን ተከትሎ ቆፈረ። አለቱ ባዶ ነው፤ የቆርቆሮ ዘር የለበትም። ኳኳታው ግን በየቀኑ ይቀርባል። አለቃው ወርደው በሻማ አዩትና፣ ልጄ ይሄ እንኳን ቆርቆሮ ጭቃም አይወጣው አሉ። ዲጎሪ ግን ቆርቆሮው ከኋላው ነው ያለው አላቸው። አለቃውም የዚያው አገር ሰው አይደሉ? ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉና፣ እስከ ቅዳሜ እታገሥሃለሁ ብለው፣ ሲወጡ ለአለቱ ባርኔጣቸውን አነሱ።

ዓርብ ማለዳ ቶማሲን ሸሚዞቹን በመንገድ ሣጥን ውስጥ እያጣጠፈች ደረሰባት።

«ምነው?»

«አቧራ ላራግፍ ብዬ ነው» አለችው። ዓይኗን ግን አላነሳችም። «ዛሬ ካላገኘህ፣ ዲጎሪ...» ዞር ብላ ስለ ጫማው ጭቃ ትቆጣው ጀመር፤ እሱም ቁጣዋን ደስ ብሎት ሰማ።

ያን ቀን እንደ እብድ መታ። ከወዲያም እንደ እብድ ተመታ። አቧራው ዘነበ፣ አለቱ ተሰነጠቀ፣ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ። ዲጎሪ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ለማየት ከነባርኔጣው፣ ከነሻማው፣ ከነጢሙ ብቅ አለ።

ወዲያ ማዶ አንድ ጭቃ የለበሰ ረጅም ሰው መዶሻውን ጥሎ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«አባቴ አንኳኪው» አለ ሰውዬው እያሳለ፣ «ከማዶው ጉድጓድ ድረስ ጠርተህ አምጥተኸኛል፤ እንግዲህ ቆርቆሮውን አሳየኝ፣ አለዚያ ሚስቴን ትቼ መርከብ ልሳፈር ነው።»