የእልልታው ቦኖ

የውኃ ፕሮጀክቱ ሲታቀድ ገንዘብ ሰጪዎቹ፣ «የገበሬው ደስታ ጆሯችን ካልገባ ሰባራ ሳንቲም አንሰጥም» አሉ። ክራባት ያነቃቸው ዕቅድ አውጪዎችም ጎንበስ ቀና ብለው፣ የየመንደሩ ቦኖ በእልልታ ብቻ እንዲከፈት አደረጉ። ሊቆች!

ዛሬ ጠዋት የአስካለ እናት አረፉ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለሬሳው ማጠቢያ ልትቀዳ ጄሪካን ይዛ ወጣች። ቦኖው ሥር ቆማ ብታለቅስ፣ ብታለቅስ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«እኔ እልል ልበልልሽ?» አለቻት ጎረቤቷ ወርቄ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ተይ። ለእናቴ እኔው እላለሁ፤ የገንዘብ ሰጪዎቹ ጆሮ ይጥገብ!»

አስካለ ምራቋን እንትፍ አለችና እልልታውን አቀለጠችው። ድምጿ መሐል ላይ ቢሰበርም ለቦኖው በቃው፤ ውኃው ተንፎለፎለ። ከቦኖው ውስጥም አንዲት ለስላሳ ድምፅ፣ «የደስታዎ ተካፋይ ነን» አለቻት።