ዲስኩን ምን በላው?

የፒካፑ የፊት ፍሬን ዲስክ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አለቀ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሽንኩርት ሲያመላልሱ ያረጁት ሾፌር ጋራዡ በር ላይ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ጎማው ሲፈታ ማየትም ሰልችቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የዕቃው አይደለም» አለ መካኒኩ እንድሪስ። «ፍሬን ረግጠው ነው የሚነዱት።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ነድቼ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አሉ፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጥተው።

እንድሪስ አዲሱን ዲስክ ገጥሞ፣ «እስቲ አብረን እንሞክረው» ብሎ ጎናቸው ተቀመጠ። ሜዳው መንገድ ላይ ትንሽ እንደሄዱ ጎንበስ ብሎ አየ። የቀኝ ጫማቸው ግማሹ ነዳጅ መስጫው ላይ፣ ግማሹ ፍሬኑ ላይ ተጭኗል።

«ጋሼ፣ አሁን እግርዎ የት ነው ያለው?»

«ነዳጅ ላይ ነዋ!»

«እስቲ ዳር ይያዙ።»

መኪናዋ ስትቆም እንድሪስ ዞሮ በሩን ከፈተና እግራቸውን ይዞ ነቀነቀው። እሳቸው እንደተያዙም አላወቁም፤ መንገዱን ያያሉ። ጫማውን ቀስ አድርጎ አወለቀው። ካልሲው በደም ርሷል። ሶሉን በስቶ የገባ ምስማር ጫፉ ጫማው ውስጥ ቆሟል።

አዛውንቱ አሁን ቁልቁል አዩ።

«የማን ደም ነው?» አሉ።