የዝናቡ እናት

«የዝናቡ እናት!»

ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁለት ሴቶች ብድግ አሉ።

ነርሷ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል በር በትከሻዋ ደግፋ አንዴ ይህችን፣ አንዴ ያችን አየች። ጭምብሏ አገጯ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። «ሁለት ዝናቡ ነው እንዴ ያለው? ቆዩ እስቲ፣ የትኛው እንደሆነ ጠይቄ ልምጣ» አለችና በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

ከሁለቱ አንዷ፣ የአናጺው እናት፣ እንደቆመች ቀረች። ልጇ ከጣሪያ ላይ ወድቆ እዚህ ከገባ ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልራቀችም፤ ወገቧ እንደ ጣውላ ደርቋል። ወሬው ደግ ይሁን ክፉ ከነርሷ ፊት ላይ ልታነብ ሞክራ አቃታት። አጠገቧ ስትጠብቅ የዋለችው ሴትዮ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። የዚህችኛዋ ልጅ ሹፌር ነው፤ መኪና ተገልብጦበት ነው የመጣው።

«ያንቺም ዝናቡ ነው?»

«ዝናቡ።»

«አይ እኛ! ልጄ፣ ልጄ ስንባባል ውለን ስም መጠየቁን ረሳነው። የዚያ ዓመት ልጅ ነዋ?»

«የዚያ ዓመት።»

ከዚህ በላይ መባባል አላስፈለጋቸውም። ሰማዩ ነጥቶ የከረመበት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ደጅ ወጥቶ አንጋጦ አንጋጦ የሚመለስበት ዘመን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ወረደ። በዚያ ክረምት የተወለደው ወንድ ሁሉ፣ ከቤት ቤት ሳይመካከሩ፣ ዝናቡ ተባለ።

«እኔ ምጥ ላይ ነበርኩ» አለች የአናጺው እናት። «ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር አዋላጇ እኔን ትታ ደጅ ወጣችልሽ! አባትየው በስብሶ ገባና፣ ይዞት የመጣው እሱ ነው፣ ስሙ ዝናቡ ነው አለ። እሱ ብቻ ያሰበው መስሎት።»

«የኔው ሰውዬስ! ትምህርት ቤት ስናስገባው አይደል ጉዱ የወጣው። መምህሩ ዝናቡ ብሎ ሲጣራ ግማሹ ክፍል አቤት ይላል።»

«የኔን ትንሽዬ ስለነበር ካፊያ አሉት።»

«የኔን ዶፍ!» የሹፌሩ እናት ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ከዳት። «ድምፁ ከመንደር መንደር ነበር የሚሰማው። አሁንማ ማን ይህን ስም ያወጣል? ውሃው እንደሆን ከቧንቧ ይመጣል።»

«እሱም ሲመጣ ነው።»

በሩ ተከፈተ። «የአናጺው እናት የትኛዋ ነዎት? ነቅቷል፤ ይምጡ፣ አንድ አፍታ ይዩት።»

ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ዞር ብላ ልታያት ፈራች። የሹፌሩ እናት ግን ጀርባዋን ገፋ አደረገቻት። «ሂጂ እንጂ እህቴ! ምን ይገትርሻል?»

ልጇ ፊቱ አብጦ፣ በቱቦ ተተብትቦ ተኝቷል። «እማ» አለ በደከመ ድምፅ፤ «መሰላሌን አነሱልኝ?»

«ተወው አሁን መሰላሉን» አለችው። ግንባሩን ዳበሰችው። ነርሷ በቃዎት አለቻት።

መውጫው በቀኝ በኩል ነው። ቤት ሄዳ ሚስቱን ልታበስር፣ ጎኗን ልታሳርፍ ትችል ነበር። እሷ ግን በግራ በኩል ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ተናገረ?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ተናገረ።»

«እሰይ። የኔም ይናገራል። ዝም ማለት መች ያውቅበትና።»

ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ ራሱ ወጣ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ኮሪደሩ አጭር ነው፤ እሱ ግን ቶሎ አልደረሰም። ደግ ወሬ የያዘ ሰው እንደዚህ አይራመድም።

«የሹፌሩ እናት?» አለ ጎንበስ ብሎ። «እናቴ፣ እስቲ ከኔ ጋር ወደ ውስጥ እንግባ።»

ሴትዮዋ በባዶ እግሯ ከወንበሩ ሥር ትዳብስ ጀመር። «ጫማዬ» አለች፤ «እዚህ አውልቄው ነበር። ጫማዬን...»

የአናጺው እናት ጉልበቷ እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ጫማውን ከወንበሩ ሥር ስባ አወጣችው። የሴትዮዋ እግር በመቀመጥ ብዛት አብጦ አልገባ አለ። ጣቷን በተረከዙ በኩል አሾልካ፣ ቀስ እያለች፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን ታጠልቅላት ጀመር። ሐኪሙ ቆቡን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው።