የመርከቧ ግራ ጎን

ወረቀቱ አልዘረጋም ይለኛል። ከማተሚያ ቤት ተጠቅልሎ ስለመጣ አንዱን ጥግ ስይዘው ሌላው ይነሳል። በመጨረሻ ሁለቱን ጥግ በመጽሐፍ፣ አንዱን በሙጫ ጣሳ፣ አንዱን በጉልበቴ ተጭኜ ምንጣፉ ላይ አጎነብሳለሁ።

አባቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ መርከቧን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። ክንዴን የምታክል የእንጨት መርከብ ናት። በወጣትነቱ በሶማሊያ፣ በርበራ ወደብ አራት ዓመት ያገለገለባት የጦር ጀልባ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ሃምሳ ጊዜ አንሳ የተሠራች። እሱ እየነገረኝ ነደፍኳት፤ ቆርጬ፣ አለስልሼ፣ ለጥፌ ለዚህ አበቃኋት። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅታብኛለች።

«እህ? ልክ ነን ወይስ አይደለንም፣ አቦ?» ይለኛል። እኛ ሶማሌዎች ዘንድ አባት ልጁን የሚጠራው በራሱ መጠሪያ ነው፤ «አቦ» ማለት አባት ነው።

«እያየሁ ነው፣ አባ።»

«ምኑን ታያለሽ? መርከቧ ላይ የኖርኩት እኔ፣ ወረቀት የሚልከው ቡልጋሪያዊ!»

«አድሚራል!» ትላለች እህቴ ሱንዱስ ከጓሮ። «ሸሚዝህን ቀይር። መምህሩ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል። በዚያ ሸሚዝ ካየህ የመርከቧ ወጥ ሠሪ ነው የሚልህ።»

አባቴ ይስቃል። መምህር ዓብዲራሕማን መርከቧን ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ሊወስዳት ነው። ነገ አባቴ ለተማሪዎቹ የባሕር ሕይወቱን ያጫውታቸዋል።

ቡልጋሪያዊው የመርከብ ሞዴል ሠሪዎች በሚገናኙበት ድረ ገጽ የተዋወቅኩት ጡረተኛ ነው። ከሦስት ወር በፊት የመርከቧን ፎቶዎች ስለጥፍ «ቀኟ ድንቅ ነው፤ ግራዋ ግን በግምት የተሠራ ይመስላል» ብሎ ጻፈልኝ። ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ለእሱ ግን «አባቴ ኖሮባታል፤ አንተ የት ነበርክ?» ብዬ መለስኩለት። ትናንት ደግሞ እውነተኛዋን መርከብ የሠራው ፋብሪካ ያወጣውን ንድፍ ቅጂ በኢሜይል ላከልኝ፤ ያለ አንድ ቃል ወቀሳ። ማተሚያ ቤት ያሳተምኩት እሱን ነው።

በቀኙ እጀምራለሁ። መሰላሉ ሰባት እርከን ነው፤ አባቴ ሰባት ብሎኝ ነበር። የገመድ ማሰሪያው አምስት፤ አምስት ብሎኛል። ጭስ ማውጫው ሥር ያለችው ጎባጣ ብረት እንኳ በቦታዋ አለች። ደስ ይለኛል። ለቡልጋሪያዊው የምጽፍለትን በልቤ አዘጋጃለሁ።

ከዚያ ግራውን አያለሁ።

መሰላል የለም። መሰላሉን በሠራሁበት ቦታ ወፍራም የአየር ቱቦ ቆሟል፤ ከቱቦው ቀጥሎ በር አለ። እኔ ግራውን የሠራሁት አባቴ «ያው እንደ ቀኙ ነው» ስላለኝ ነው። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው እላለሁ። መርከቧን ከላይ የሚያሳየውን የንድፉን ክፍል እመለከታለሁ። ወደ መርከበኞቹ መኝታ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው። በግራ። የቀኙ በር የጥይት ማከማቻ ነው።

«አባ፣ ወደ መኝታችሁ በየት ነበር የምትገቡት?»

«በዚህ ነዋ!» ጣቱን በቀኙ በር ላይ ያሳርፋል። «አራት ዓመት ሙሉ። ጎንበስ ካላልሽ ግንባርሽን ነው የሚልሽ።»

«ወደብ ስትቆምስ፣ የትኛው ጎኗ ነበር ወደ መሬት?»

«ሁልጊዜ ቀኟ። አፍንጫዋ ወደ ባሕር መዞር አለበት። ድንገት ትእዛዝ ከመጣ...»

ጨርቁ እጁ ላይ ይቆማል። ወረቀቱን ያያል፤ እኔን ያያል።

«ወደቡ ላይ ገመድ ተቀባይ ነበርኩ» ይላል ቀስ ብሎ። «ሲመጡ ይወረውሩልኛል፣ አስርላቸዋለሁ።»

«ገብተህባት አታውቅም?»

«ወላሂ፣ ዛሬ ነገ ያስገቡኛል እያልኩ...» አይጨርሰውም።

ድሬዳዋ፣ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ስንኖር፣ የሰፈሩ ልጆች «ስደተኛ» ሲሉኝ «አባቴ የጦር መርከብ ላይ ኖሯል» እላቸው ነበር። ሌላ የምላቸው አልነበረኝም።

ከወንበሩ ይነሳና ንድፉ ላይ ያጎነብሳል። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ረጅም ጊዜ ያያል። እያፈረ ይመስለኛል። ላጽናናው እፈልጋለሁ።

«ለሱንዱስ አትንገሪያት፣ አቦ» ይለኛል።

«አሰላሙ ዓለይኩም!» መምህሩ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ነው። «የት አለች ሙሽራዪቱ? ካርቶን ይዤ መጥቻለሁ።»

«ግራዋ ገና አላለቀም» እላለሁ። የራሴ ድምፅ መሆኑን እጠራጠራለሁ። «ትንሽ ይጠብቁኝ።»

መርከቧን አቅፌ፣ ወረቀቱን በብብቴ ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። በመስኮቱ ብርሃን ላይ አስቀምጣትና ምላጩን ከግራው መሰላል ሥር አስገባለሁ። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ እርከኖቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሱንዱስ ሻሂ ታቀርባለች።

«እስቲ ከሁሉ የከፋውን ሌሊት ያጫውቱኝ» ይላል መምህሩ። «ለነገ እንዲሆነን።»

ዝም ይላል ብዬ እጠብቃለሁ።

«የማዕበሉ ሌሊት ነዋ» ይላል አባቴ። ድምፁ እንደ ወትሮው ሞቅ ያለ ነው። መቶ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው። «ተኝቼ ነበር። መርከቧ ስትናጥ ዘልዬ ተነሳሁ። በግራ በኩል ባለው በር፣ ጎንበስ ብዬ፣ የአየር ቱቦውን ይዤ ወጣሁ።»

ምላጩን አስቀምጣለሁ። ሦስት እርከን መዳፌ ላይ አለ፤ አራቱ ከመርከቧ እንደተጣበቁ ናቸው።