የአገዳው ዱቄት

ዶላር ሲጠፋ ጥላሸቱም ጠፋ። በናዝሬቱ የጫማ ፋብሪካ የሶሉን ጎማ የሚያጠነክረው ጥቁር ዱቄት ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ ያለ እሱ ጎማው ማስቲካ ነው። “የጠፋውን በራሳችን እንተካለን” ተባለና ሸክሙ ኬሚስቱ ወዬሳ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ወዬሳም ተካው። ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚጣለውን የሸንኮራ አገዳ ገለባ አድርቆ፣ በወፍጮ አድቅቆ፣ ከጎማው ጋር ለወሰው። የመጀመሪያዎቹን ሶሎች ቢያጥፏቸው፣ ቢጠመዝዟቸው አልበገር አሉ። ከተማው ዳር የሰፈሩት የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎች ጫማው ሳይደርስ ወደ ሰሜን አይንቀሳቀሱም ስለተባለ ሥራው በጥድፊያ ተጀመረ።

የመጋዘን ኃላፊው ጉደታ ግን ሳቀበት። “የከብት መኖ ጎማ ውስጥ ከተህ ወታደር ልታጫማ?” አለው በሰው ፊት። ነገሩ ወዬሳን ውስጥ ውስጡን አንገበገበው።

ዱቄቱ እየቦነነ ሠራተኛው በሳል አለቀ። ወዬሳ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ ቡዜን ማደባለቂያውን ክፍል ውሃ እያርከፈከፉ እንዲጠርጉ አዘዛቸው። የእትዬ ቡዜ አንድያ ልጅ ከምልምሎቹ አንዱ ነው። በየጠዋቱ ባልዲያቸውን አስቀምጠው “ጫማው መቼ ይደርሳል፣ ልጄ?” ይሉታል። የእናት አንጀት ነው፤ ልጃቸው በባዶ እግሩ እንዳይዘምት ሰግተው መሰለው። “ደርሷል፣ አይዞዎት” ይላቸዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ሶሎቹ ይሰነጠቁ ጀመር። ወዬሳ አንዱን በቢላ ቢከፍተው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ምክንያቱ አልጠፋውም። የአገዳው ዱቄት እርጥበት ከነካው እርጥበቱ በጎማ ማብሰያው ሙቀት ይተንና ሶሉን ይበሳሳዋል። ዱቄቱን ያደረቀው ራሱ ነው። የሚያድረው ደግሞ ጉደታ በሚቆልፈው መጋዘን ነው።

የፋብሪካው ካድሬ ከሶደሬ ፍል ውሃ ሲመለስ የሰንጣቃውን ክምር አየ።

“ይሄ አሻጥር ነው፣ ጓድ ወዬሳ። ወይ ሶሉን አምጣ፣ ወይ አሻጥረኛውን። አለዚያ አንተው ነህ።”

ወዬሳ ሁለት ሕፃናት አሉት። ፈራ። የጉደታን ስም ጠራ።

ጉደታን ከመጋዘኑ በር ላይ ወሰዱት። “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” አለ፤ ቀጥሎም “ቁልፉን ማን ይረከበኛል?” ብሎ ጠየቀ። ወዬሳ መሬት መሬቱን አየ።

በዚያው ቀን ከላይ ትእዛዝ መጣ። ከተጣለው ክምር ደህና የመሰለው ሶል እየተለቀመ፣ ጫማ ላይ ተለጥፎ ለምልምሎቹ ታደለና እነሱም በመኪና ተጭነው ሄዱ።

በማግስቱ የወጣው ሶል እንከን አልነበረበትም። የጠዋቱም፣ የከሰዓቱም። “ጠላት ሲነቀል እንዲህ ነው” አለ ካድሬው። ወዬሳ እፎይ አለ። በጉደታ የተሰማው ጸጸትም ለቀቀው፤ እውነትም እሱ ኖሯል። አንዱን ሶል ይዞ ወደ ማደባለቂያው ክፍል ገባ። ዱቄቱ ይቦናል። እትዬ ቡዜ ባልዲያቸውን ደፍተው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል።

“እዩት እስቲ፣ እትዬ ቡዜ። ጉደታ ከተያዘ ወዲህ ሶሉ ዳነ። ምነው ታዲያ፣ ዛሬ ውሃ አላርከፈከፉም?”

“ልጄን ትናንት በዚያ ሰንጣቃ ጫማ ወሰዱት፤ ከእንግዲህ ለማን ብዬ ዱቄቱን ላርጥብ?”